ያለፈ ክኒን አይደረብም

ፈሪ ነኝ። ትሕትና ለማስመሰል አይደለም የምለው። እናቴ ሉማሜ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ሻይ ቤት ነበራት። የከባድ መኪና ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር እገባ እንደነበር እስከ ዛሬ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታወራለች። አድጌም አልተሻለኝም። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሼ እነካዋለሁ። አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ ቲኬቴን ኪሴ ውስጥ ስዳብስ ደብረ ማርቆስ እደርሳለሁ። እናቴ «ፈሪ ለእናቱ» እያለች ትስቅብኛለች፤ እኔ ግን ለእናቴም ቢሆን ብዙ የጠቀምኳት አይመስለኝም።

ፋርማሲ የተማርኩት ውጤቴ ስላደረሰኝ ነው። ውሎ ሲያድር ግን ሙያው ለእኔ ዓይነቱ ሰው ታስቦ የተሠራ መሰለኝ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ማየት፣ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ማንበብ፣ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማገላበጥ። ሌላ ቦታ ያሳፍረኝ የነበረው ድንጉጥነቴ እዚህ ሲደርስ «ጥንቃቄ» ተባለልኝ። ደስ አለኝ። ፍርሃት ሁለት ዓይነት መሆኑን፣ አንዱ እጅን ሁለተኛው ደግሞ ምላስን እንደሚይዝ ገና አላወቅሁም ነበር።

የተመደብኩት ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ አንድ ሆስፒታል ነው። በዚያን ጊዜ ፋርማሲስት ማለት ለሰዉ ሁሉ በመስኮት መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ነበር። አዲሱ ትምህርት ከመስኮቱ አውጥቶ ሕመምተኛው አልጋ ድረስ ከላካቸው የመጀመሪያዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። ሥራዬ ጠዋት ጠዋት ከሐኪሙ ጋር አልጋ ለአልጋ እየዞርኩ የታዘዘው መድኃኒት ከሰውየው ዕድሜ፣ ከኩላሊቱና ከሌላው መድኃኒት ጋር መስማማቱን ማየት፣ ስህተት ካለም አፍ ሳይደርስ መያዝ ነበር። ወረቀት ላይ እንዲህ ይባል እንጂ የአስተኝቶ ማከሚያው ነርሶች «ሰላይዋ መጣች» ነበር የሚሉኝ። አልፈርድባቸውም። ሠላሳ ሕመምተኛ ለሁለት ነርስ በተጣለበት ክፍል፣ ካርድ እያገላበጠች ምልክት የምትቆጥር ልጅ ማን ይወዳል? ዶክተሩም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ዐረፍተ ነገር ጀምሬ ሳልጨርስ ሁለተኛው አልጋ ላይ እናገኘዋለን።

የኔታ የመጡት በኅዳር፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ከይጁቤ ወዲያ ካለ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ካህን ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም፤ ካርድ የሚያወጣው ሠራተኛ እንኳ ተነሥቶ «የኔታ» ብሎ ነው የተቀበላቸው። ይዛቸው የመጣችው ሴት ልጃቸው ናት፤ ባሏን ከነአጨዳው ትታ፣ አባቷን በፈረስ፣ ከዚያም በአይሱዙ ጭና። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጧል። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ቁጭ ብለው ነው የሚያንቀላፉ። ልባቸው በደቂቃ መቶ ሠላሳ ይመታል፤ ምቱም ወጥ አይደለም። እጃቸው ላይ ግን መቁጠሪያቸው አንድም ቀን ሳትቆም እየተንቀሳቀሰች ነበር። አልጋቸው ሥር ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ጠበል ነው። አይቼዋለሁ፤ አልጠየቅሁም። እኔም ጠበል ጠጥቼ ያደግሁ ነኝና ምኑ ይደንቀኛል?

ዶክተሩ ውኃውን በሽንት የሚያስወግድ መርፌና በቀን አንድ ዲጎክሲን አዘዘ። ዲጎክሲን ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነጭ ክኒን ናት። የሚሮጥ ልብ ታረጋጋለች። በዛ ስትል ደግሞ ልቡን እንዳይመታ ታደርጋለች። የሚያድነው መጠንና የሚገድለው መጠን አንድ ግድግዳ ብቻ የሚለያቸው ጎረቤታሞች ናቸው። ኩላሊት የደከመበት ሽማግሌ ዘንድ ግድግዳው ይበልጥ ይሳሳል። የየኔታ የኩላሊት ምርመራ ደከም ማለቱን አይቼ ስለነበር «ግማሽ ቢሆንስ?» ልል አፌን ከፈትኩ። ዶክተሩ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፏል። አፌን መልሼ ዘጋሁ። አንድ ክኒን ብዙ ሰው ይወስዳል፣ እያየን እንቀንሳለን ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት እመጣለሁ፤ ካርዳቸውን አያለሁ። መድኃኒት የሚታደለው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ነርሷ ክኒኗን መዳፋቸው ላይ ታኖራለች፣ «ይዋጧት እሺ የኔታ» ትላለች፣ «እሺ ልጄ፣ ይባርክሽ» ይላሉ፣ ካርዱ ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ምልክቶቹ አንድም ሳይጎድሉ ተደርድረዋል። የእግራቸው እብጠት በመርፌው በየቀኑ ይቀንሳል። ልባቸው ግን ያው መቶ ሠላሳ፣ አንዳንዴም መቶ ሠላሳ አምስት።

በአምስተኛው ቀን ዶክተሩ አልጋቸው አጠገብ ቆመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ዞር ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

«ለምንድን ነው የማይሠራው? መጠኑ አንሶ ነው? ሁለት ብናደርገውስ?»

እንግዲህ አስቡት። ስንት ወር ሙሉ ከኋላ ከኋላ ስከተል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለቱ ነርሶች እያዩኝ ነው። የየኔታ ልጅም ታየኛለች። ኩላሊታቸው ትዝ አለኝ። ግማሽ ልትል የነበረችው ሴት፣ አሁን ሁለት ሲባል ምን እንደምትል አንባቢ ይገምታል። ግን ምልክቶቹ ተደርድረዋል፣ ልባቸው ይሮጣል፣ ዶክተሩ መልስ ይጠብቃል። «ለአራት ቀን ብቻ ከሆነ... ምታቸውን እየተከታተልን...» አልኩ። «ጎበዝ» አለኝና ጻፈው፤ ሁለተኛዋ ክኒን ከዚያው ቀን ጀምራ ተጨመረች። ቀኑን ሙሉ ያቺ «ጎበዝ» ደረቴ ውስጥ ስትሞቀኝ ዋለች። ፍርሃቴም ነበረ፤ ሆኖም ምስጋና የቀመሰ ፈሪ ትንሽ ይደነቁራል መሰለኝ።

አንድ ጥያቄ ግን አልጠየቅሁም። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ስለዚህ ክኒን የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ከሆድ ስንት እጁ ወደ ደም እንደሚገባ፣ በስንት ሰዓት ልብ እንደሚደርስ፣ በየት እንደሚወጣ። ከመዳፋቸው ወደ አፋቸው ስለመድረሱ ግን አልጠየቅሁም።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ዶክተሩ ምታቸውን ይዞ ሰዓቱን ሲያይ ቆየና ፊቱ በራ። «ሰባ ስድስት! በስንት ጊዜው ሠራ!» አለ። ነርሷ «እልል!» ብላ በቀልድ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የየኔታ ልጅ የዶክተሩን እጅ ልትስም ጎንበስ አለች። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሮ «አላልኩሽም?» አለኝ፤ እሱ አለኝ ወይስ እኔ አልኩት፣ ብቻ ሁላቸውም እየሳቁ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄዱ።

እኔ ቀረሁ። ካርዳቸውን መልሼ አነሣሁ። ትናንት ማታ መቶ ሠላሳ ሁለት ተጽፏል። ዲጎክሲን በቀን በቀን ሲወሰድ እንዲህ በአንድ ሌሊት ገደል አይገባም፤ ቀስ እያለ፣ በቀናት ነው የሚወርደው። መቶ ሠላሳ ሁለት የነበረ ልብ ሰባ ስድስት የገባው አንድ ነገር ጎትቶት ነው። የጎተተው ነገር ደግሞ ሰባ ስድስት ላይ እንዲያቆም ማን ነገረው? የሰዉ ሳቅ ከሦስት አልጋ ማዶ ይሰማኛል። ዝም ብዬ ልከተላቸው እንደ ነበር አልሸሽግም። ደስታ ማበላሸትም ያስፈራል።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በስምንት ቀን ውስጥ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

«የኔታ፣ እንዴት አደሩ? ዛሬ የተለየ ያደረጉት ነገር አለ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ዛሬማ ሱባዔዬን ጨረስኩ» አሉ። ፊታቸው ግን ገርጥቷል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ።

«የምን ሱባዔ?»

«የጠበሌን ነዋ። እዚህ ከገባሁበት ቀን ጀምሬ ሰባት ቀን ጠበሌን ስጠጣ ነበር። ጠበልና መድኃኒት ደግሞ ባንድ አፍ አይገባም። መርፌው እንኳ ባፍ አይገባምና ግዴለም አልኩ። ክኒኑን ግን አቆየሁት።»

«አቆዩት? ነርሷ ሰጥታዎት...»

«ልጅቱ ትቀየማለች ብዬ ተቀበልኳታ! እንዴት በባዶ እመልሳታለሁ፣ ለእኔ ብላ ነው የምትደክም። ደሞም አንዲቱንም አልጣልኩ።» ትራሳቸው ሥር ገብተው በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ነገር አወጡና ፈቱት። ስድስት ነጭ ክኒን። «ይኸው። ዛሬ የሰጠችኝን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሁነው ነበር። ንጋት ላይ ስድስቱን ዋጥሁ። ስድስቱን ደሞ ለዘጠኝ ሰዓት አልሁ፣ እንዳይከብደኝ ብዬ ከፈልኩት። እኔ ልጄ፣ አሞኝ ያልሰገድኩትን ስግደት በማግሥቱ ሳልደርብ ቀርቼ አላውቅም።»

ኩራታቸው ይታየኝ ነበር። ትምህርቱን በቃሉ የመለሰ ተማሪ እንደሚያይ ያዩኛል። እኔ ግን የማየው ስድስቱን ክኒን ነው። ሰባት ቀን ሙሉ አንድ ፍሬ ያልቀመሰ፣ ኩላሊቱ የደከመ የሽማግሌ ሆድ ውስጥ በአንድ ጊዜ ስድስት ገብቷል። መርፌው ደግሞ በሽንት ስንት ቀን ሙሉ የሰውነታቸውን ፖታሺየም፣ ለልብ ምት የሚያስፈልገውን ማዕድን፣ ሲያወጣው ከርሟል፤ ፖታሺየም ሲያንስ ክኒኗ ይበልጥ ትከፋለች። ከአሥራ ሁለቱ ደግሞ አራቱ በእኔ «ለአራት ቀን ብቻ» የተጨመሩ ናቸው።

«የኔታ፣ እነዚህን ይስጡኝ» አልኳቸው። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

«ለዘጠኝ ሰዓት...»

«ይስጡኝ እባክዎ!»

ጮህኩ መሰለኝ፤ ልጃቸው ከደጅ ሮጣ ገባች። ቋጠሮውን ከመዳፋቸው ነጠቅሁ። በሕይወቴ ከካህን እጅ ስነጥቅ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው።

ዶክተሩን ስምንተኛው አልጋ ላይ ደረስኩበት። ከሕመምተኛው ፊት ለየት አድርጎ መንገር ወግ ነበር፤ ወጉን ማን አስታወሰው? «የኔታ እስከ ዛሬ ምንም አልወሰዱም። ዛሬ ጠዋት ስድስት ባንዴ ዋጡ» አልኩት። ነርሷ በቁሟ ደረቀች። «ምልክት አድርጌያለሁ እኮ...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ዓይኖቿ እኔ ላይ ነበሩ፤ ሰላይዋ አሁን ልታሳጣት እንደሆነ ነው የገመተችው። «ሁለት ይሁን ሲባል እሺ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ያን ያልኩት ጀግና ሆኜ አይመስላችሁ፤ ሌላ ቃል ስላልመጣልኝ ነው። ዶክተሩ ቀለሙ ተለወጠ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለና ሮጠ። ያ ችኩል ሰው በተገቢው ቦታ ሲቸኩል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ የሆነው ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የሆነው፤ እኔን የገደለኝም ቀስ ማለቱ ነው። የዲጎክሲንን መርዝ የሚያፈርስ መድኃኒት በመጽሐፌ ውስጥ አለ፤ በሆስፒታላችን ግን የለም፤ በአካባቢው ሁሉ የለም። ያለን አትሮፒን ነው፤ የደከመ ልብ ለጊዜው የሚቀሰቅስ መርፌ። መጋዘን ገብቼ አራት ብልቃጥ አገኘሁ። አራት ብቻ። ሌላ ካለ ብዬ መደርደሪያውን በእጄ ዳበስኩት፣ እንደ በር ቁልፌ ሦስት ጊዜ። የፖታሺየም መመርመሪያችን መሥራት ካቆመ ሰንብቷል፤ ደማቸውን በአምቡላንስ ወደ ደብረ ማርቆስ ላክን። «እሳቸውንስ አብረን ብንልካቸው?» ብዬ ነበር። «መንገድ ላይ ቢቆምባቸው ማን ይደርስላቸዋል?» አለኝ ዶክተሩ።

የእኔ ሥራ ምታቸውን በየሩብ ሰዓቱ መቁጠር ሆነ። አራት ሰዓት ላይ ስልሳ ሁለት። ከዚያ ሃምሳ አምስት። አስመለሳቸው። የኮሶ ያህል መረረኝ አሉ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ «ግድግዳውን ቢጫ ቀባችሁት እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ግድግዳው ነጭ ነው። ይህን ምልክት መጽሐፍ ላይ አንብቤው ፈተና ላይ መልሼው ነበር፤ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። አሁን ከአንድ አዛውንት አፍ ስሰማው ዞሬ ነጩን ግድግዳ አየሁ። ልጃቸው ፊቴን አየች።

«አባባን ምን አደረጋችሁብኝ?» አለች። አልጮኸችም። «በግሩ ባይሆን በፈረስ ነው የመጣ። እያወራ ነው የመጣ። ምን አደረጋችሁብኝ?»

«መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ በዝቶባቸው ነው» አልኳት።

«በዛ ካላችሁ አታወጡትም?»

ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፣ ትክክለኛም ጥያቄ ነው። አይወጣም እኮ። ኩላሊታቸው በራሱ ጊዜ፣ ጠብ ጠብ እያደረገ እስኪያወጣው መጠበቅ ብቻ ነው። ይህን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እጃቸውን ይዤ ስቆጥር እሳቸውም በሌላው እጃቸው ይቆጥራሉ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ስጨርስ «ስንት ደረስሽ?» አሉኝ።

«አርባ አንድ።»

«የእግዚኦታ ቁጥር ነው» አሉና ፈገግ አሉ። በመቁጠሪያ «እግዚኦ» ሲባል አርባ አንድ ጊዜ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ቁጥሩን አልወደድኩትም፤ ተነሥቼ ዶክተሩን ጠራሁት። የመጀመሪያው አትሮፒን ገባ። ወደ ሃምሳ ስምንት ወጡ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወደ አርባ አራት ተመለሱ። ሁለተኛው ገባ። ቀሪው ሁለት ብልቃጥ ጋዎኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ በየደቂቃው እዳብሰዋለሁ። እነዚህ ካለቁ በኋላ ያለው ነገር እንዳይታየኝ ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ አላነሣም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክኒኑ ትዝ አለኝ። ያ ቋጠሮ እዚያ ትራስ ሥር ቢቀር ኖሮ ይህ ሰዓት የስድስቱ ሰዓት ነበር። ለብቻዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

የደማቸው ውጤት በስልክ ሲመጣ ፖታሺየማቸው በጣም አንሷል፤ መተካት አለበት። እዚህ ላይ ሌላ ፍርሃት ጠበቀኝ። የፖታሺየም ብልቃጥ በጨው ውኃ በጥብጠው በዝግታ ሲሰጡት ያድናል፤ በስህተት እንዳለ ደም ሥር ከገባ ልብን እዚያው ያቆማል። የእሳቸው ኩላሊት ደግሞ ተጨማሪ ስህተት አይችልም። መጠኑን ወረቀት ላይ አሰላሁ፣ ቀደድኩት፣ እንደገና አሰላሁ። ከዚያ ነርሷን፣ ያቺኑ ሰላይ የምትለኝን፣ «አንቺም ለብቻሽ አስይው፣ የእኔን ሳታይ» አልኳት። ቁጭ ብላ አሰላች። ወረቀቶቻችንን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ቁጥሩ አንድ ነው። ተያየን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላይ ብላኝ አታውቅም። የየኔታን ጠብታ እኩል ስንቆጥር አመሸን ማለት ይቻላል፤ ፀሐይ ግን ገና አልጠለቀችም ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሃምሳ ሁለት። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሃምሳ ስድስት፣ ያለ መርፌ። ሁለቱ ብልቃጦች ኪሴ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ ስልሳ አራት ነበሩ፤ ግድግዳውም ወደ ነጭነቱ ተመልሷል።

ሌላ አሥር ቀን ተኙ። ዲጎክሲን እንደገና ተጀመረ፤ በቀን ግማሽ፣ እኔ በመጀመሪያው ቀን ልናገረው የነበረው ግማሽ። ነርሷ ውኃ በኩባያ ይዛ ትቆማለች፣ እኔም ከጎኗ። «እንደ ሕፃን አፌን ክፈት በሉኝ እንግዲህ» ብለው ይቀልዱብናል። ሲዋጥ አይተን ነው ምልክት የሚደረገው።

የወጡ ዕለት መድኃኒታቸውን ይዤ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «የኔታ፣ አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ። ያለፈ ክኒን አይደረብም። አንድ ቀን ቢያመልጥዎት ያለፈው አልፏል፤ የዕለቱን ብቻ። ስግደት አይደለም።»

«ድገሚው» አሉኝ።

«ያለፈ ክኒን አይደረብም።»

«እንዲህ ነው ትምህርት፣ አጭር ሲሆን ይያዛል» አሉና ሦስት ጊዜ በቃላቸው አሉት፤ ልጃቸውንም አስባሏት። ስቀንም ነበር።

ሁለተኛ ዐረፍተ ነገርም ነበረኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች፦ ጠበሉን ሲጠጡም ክኒኑን አያቋርጡ። ይኸው ነው፣ ከፊተኛይቱ አትረዝምም። ግን ሊወስዷቸው የመጡ ሁለት ካህናት ጥምጥማቸውን አድርገው ከበር አጠገብ ቆመዋል። ጀሪካኑ እግሬ ሥር ነው። ማን ነኝና ነው ለቅኔ መምህር ስለ ጠበል የምናገረው? የሉማሜ የሻይ ቤት ልጅ! እምነታቸውን የነካሁ ቢመስላቸውስ? ካህናቱ ቢቆጡስ? ዐረፍተ ነገሯን ዋጥኋት። ያለ ውኃ ነው የተዋጠችው። «ይማርዎት የኔታ» አልኩና መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

በመስከረም፣ የመስኮት ተረኛ ሆኜ መድኃኒት በምሰጥበት አንድ ጠዋት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ተራዋን ጠብቃ ፊቴ ቆመች። ጠጉሯን ተላጭታለች፣ ቶሎ አላወቅኋትም። የየኔታ ልጅ ናት።

«ዐረፈ» አለችኝ። «ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ በሦስተኛው ቀን። ልቡ እንደገና እንደ ፈረስ ሲጋልብበት፣ ሲያፍነው...»

ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ትፈታ ጀመር። ልክ እንደ አባቷ ቋጠሮ ያለች ናት። መስኮቱ ላይ ዘረጋችው። ግማሽ ግማሽ የተቆረጡ ነጫጭ ክኒኖች።

«ፍልሰታን ሱባዔ ገብቶ ነበር፣ ጠበሉን ሲጠጣ። ጦሙ ሲፈታ፣ እነዚህንስ አልሁት። አይ፣ አለኝ፣ ያለፈ አይደረብም ብላኛለች፣ ዛሬ የዛሬውን ብቻ ነው የምውጥ፣ አለኝ። አልደረበም፣ አንድም አልደረበም። ሲደክም ደሞ፣ ሂጅና መልሽላት፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ በያት፣ አለኝ።» ዓይኖቿን በነጠላዋ ጠረገች። «እግዜር ይስጥሽ እቴ። ቃልሽን አክብሮ ነው የሞተ።»

ቆጠርኳቸው። ምን ላድርግ፣ ልማዴ ነው። አሥራ አምስት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አምስት። የፍልሰታ ጦም አሥራ አምስት ቀን ነው። በአሥራ አምስቱም ቀን ያቺ የዋጥኋት ዐረፍተ ነገር እኔ ዘንድ ነበረች።

አልነገርኳትም። ምን ብዬ? «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት፤ ሳመችኝና ሄደች። ክኒኖቹ መስኮቱ ላይ ቀሩ።

ቀጥሎ ተራ የደረሳቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ሊወስዱ የመጡ። በአንድ እጃቸው ካርዳቸውን ይዘዋል፤ በሌላው ትንሽ ጀሪካን። ከኋላቸው ሰልፉ ውስጥ አንድ ቄስ ቆመው ያዩኛል።

«እማማ» አልኩ፣ «ጠበሉን ይጠጡ። ግን ክኒኑን አያቋርጡ። ሁለቱንም አብረው ይውሰዱ።»

ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አሮጊቷ ጀሪካናቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አብሮ ይወሰዳል እንዴ?» አሉ። «እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም እኮ።»